በር አስከፋች

ሰው አልጠላም። ሰው እፈራለሁ፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም። ዳላስ መኖር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ እስከ ዛሬ ግን የሐበሻ ሱቅ ስሄድ መጀመሪያ ፓርኪንጉን አንድ ዙር እዞረዋለሁ። የማውቀው መኪና ቆሞ ካየሁ እንጀራውም በርበሬውም ይቅርብኝ ብዬ እመለሳለሁ። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ቆሜ አስቀድስና «ጠፋህ እኮ» የሚለኝ ሰው ሳይደርስብኝ ሹልክ እላለሁ። ስልኬ ሲጠራ ልቤ ይመታል። ጠርቶ እስኪያበቃ ቁጭ ብዬ አየውና «ሥራ ላይ ነበርኩ» ብዬ እጽፋለሁ። ሥራዬ ፎርት ዎርዝ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ነው። ደም ስመረምር ስውል ማንም «ለምን ዝም አልክ?» አይለኝም።

እናቴ በዚህ ጠባዬ ስትስቅም ስትቆጣም ኖራለች። ልጅ ሆኜ እንግዳ ሲመጣ አልጋ ሥር ስገባ በእግሬ ጎትታ የምታወጣኝ እሷ ነበረች። አሜሪካ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ በስልክ «ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል» ማለት ያዘች። «እድር ግባ እንጂ፣ ማን ይቀብርሃል?» ስትል ስትል በመጨረሻ አስገባችኝ። ስብሰባ ላይ አልታይም እንጂ አባል ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ በሬ ተንኳኳ።

የእኔ በር አይንኳኳም። ዕቃ የሚያመጡት እንኳ ደጅ ጥለው ነው የሚሄዱት። ወለሉ እንዳይንቋቋ በካልሲ እየተሳብኩ ሄድኩና በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ፊት ለፊት የቆሙት የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ ጥቁር ካፖርት የለበሱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሽማግሌ። ከጎናቸው የእድሩ ጸሐፊ አለች፣ ነርስ ናት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ከኋላቸው ሌሎች ሰዎች ነበሩ። አንዱ የውሃ ካርቶን ተሸክሟል፣ አንዷ በፎይል የተሸፈነ ትሪ ይዛለች።

የእኛ ሰው ይህን ሲያይ አስረጂ አያሻውም። በማለዳ፣ ሳይደውሉ፣ በቡድን ሆነው ምግብና ውሃ ይዘው የሚመጡት ለመርዶ ነው። አገር ቤት ሰው ሲሞት ለልጁ በስልክ አይነገርም። ቤተሰቡ ለእድሩ ይነግራል፤ እድሩ ሰውዬው ሥራ የማይገባበትን ቀን ጠብቆ ቤቱ ድረስ ሄዶ፣ ከብቦ ያረዳዋል። ብቻውን እንዳይሰማው ነው። ደግ ልማድ ነው፤ የሌላ ሰው በር ላይ ሲሆን ማለቴ ነው።

እናቴ ስኳር አለባት። በዚያ ሰሞን እግሯ ቆስሎ ሆስፒታል ገብታ ወጥታ ነበር። ረቡዕ ስደውል እህቴ አነሳችና «ተኝታለች» አለችኝ። ዓርብም ስደውል «ተኝታለች» አለችኝ። ውጭ አገር ላለ ልጅ ሞት የሚሸፈነው እንደዚህ ነው። «ትንሽ ደከም ብሏታል፣ ተኝታለች» ይሉና የተቀበረችውን ሰው ሳምንት ሙሉ ያስተኟታል። ይህን አላውቅም ነበር ብል ውሸት ነው። አውቅ ነበር፤ ማሰብ ስላልፈለግሁ ነው ዓርብ ማታ እንቅልፍ የወሰደኝ።

ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ በሩ ቀጭን ስለሆነ ጆሮዬ ላይ የሚናገሩ ይመስል ነበር። «መኖርህን እናውቃለን። መኪናህ ፓርክ ተደርጎ አይተነዋል።»

ትንፋሼ እንዳይሰማ አፌን በእጄ ያዝኩ። ከዚያ አንድ የሕፃን ሐሳብ መጣብኝ። ካልከፈትኩ አልሞተችም። እነዚህ ሰዎች አፋቸውን እስኪከፍቱ ድረስ እናቴ ተኝታለች። ታዲያ ለምን እከፍታለሁ? ሰው ተስፋ ቆርጦ እስኪሄድ ዝም ብሎ መጠበቅ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው፣ ማንም አይደርስብኝም።

ለእህቴ ደወልኩ። እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ቤት መሆን አለባት። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። እህቴ ስልክ የማታነሳ ሰው አይደለችም፤ ያ የእኔ ጠባይ ነው። እንደገና ደወልኩ። አሁንም የለችም።

በዚህ ላይ ሌላ ፍርሃት ተጨመረ፣ ይህኛው የሚያሳፍር ነው። ከከፈትኩ ይገባሉ። ሶፋዬ ከሁለት ሰው በላይ አይዝም። ለቀስተኛ ሲመጣ ሲሄድ ይከርማል፣ ሌሊት ብቻዬን እንዳልሆን አጠገቤ ይተኛሉ፣ ብላ ጠጣ ይሉኛል። ሰው ፊት ደግሞ ማልቀስ አልችልም። እንባዬ እሺ አይለኝም። «ምን ዓይነት ጨካኝ ነው፣ ለወለደችው እናቱ እንኳ?» ይሉኛል። እናቴ ሞታ ስለ ሶፋ ማሰቤ ገረመኝ፤ ራሴን ጠላሁት። እንዲያም ሆኖ እጄ ወደ መቆለፊያው አልሄደም።

«አንተ፣ ክፈትልን እንጂ በናትህ፣ አርጀንት ነው» አለች ነርሷ በሹክሹክታ።

በናትህ! ቀና አልኩ። እናቱን ሊያረዱት የመጡትን ሰው በናትህ የሚል ጤነኛ ሰው የለም። ወይስ አፏ ስለለመደው ነው? ቃሏን ደጋግሜ አላመጥኩት። ካላጣራሁ እዚያው በሩ ሥር ማበዴ ነው። ተነሥቼ ከፈትኩ።

ሽማግሌው ሰላምታም ሳይሰጡ ገቡ፤ ሌሎቹም ተከታትለው ገቡና ነርሷ በሩን ድምፅ ሳታሰማ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ እናቴ ናት?» አልኳቸው።

ግራ ተጋብተው አዩኝ። «እናትህ ምን ሆነች?»

«አልሞተችም?»

«ኧረ እኛ የሰማነው የለም፣ እግዜር ያቆይልህ» አሉና በአገጫቸው ከኮሪደሩ ማዶ ወዳለው ቤት አመለከቱ። «ጎረቤትህ ነው። እናቱ አርፈዋል። ትናንት ቀበሯቸው።»

ደስ አለኝ። ሌላ ስም የለውም፣ ደስ አለኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩና አልመጣልህ ሲለኝ የነበረው እንባ ወረደ። እነሱ ለጎረቤቴ ያዘንኩ መስሏቸው አንዷ «አይዞህ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ነው የሞተችው የማን እናት እንደሆነች የገባኝ።

ጎረቤቴ በዲቪ የመጣ፣ ከአየር ማረፊያ ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነው። በዚህ ሁሉ ከተማ ውስጥ እኔን የሚመስል እሱን ብቻ ነው ያገኘሁት። መጀመሪያ የገባ ሰሞን ማታ ማታ ጎን ለጎን ፓርክ እናደርጋለን። እኔ እሱ ቀድሞኝ እስኪወጣ መኪናዬ ውስጥ ስልኬን እየነካካሁ እጠብቃለሁ፣ ደረጃው ላይ ማውራት እንዳይመጣ። እሱ አይወጣም። አንድ ቀን ቀና ብል እሱም ስልኩን እየነካካ በጎን ያየኛል፤ ለካ እሱም እኔን ይጠብቃል። በመስታወቱ ውስጥ ተያይተን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ አንዳንድ እሑድ እኔ ቤት መጥቶ ኳስ እናያለን፣ ከጎል በቀር የሚያናግረን የለም። እናቴ መታመሟን የነገርኩት ለእሱ ብቻ ነው። «የእኔዋ እንኳ ብረት ናት፣ እስከ ዛሬ ገበያ በእግሯ ነው የምትሄደው» ብሎኝ ነበር።

«ሶ፣ ከትናንት ጀምሮ ኮል እናደርጋለን፣ ፒክ አያደርግም» አለች ነርሷ። «በቀዳዳው እኛን ካየ ደግሞ አይከፍትም። አንተ ኖክ ታደርጋለህ፣ እኛ ስቴሩ ጋ ዞር ብለን እንቆማለን፣ ኦኬ?»

«እኔ አልችልም» አልኩ። «ሌላ ሰው ፈልጉ።»

«ካንተ ሌላ ማን አለው?» አሉ ሽማግሌው። ከዚያ ለስለስ ብለው ክንዴን ያዙኝ። «አንተ ምንም አትናገርም። በሩን ብቻ አስከፍትልን። ማርዳቱ የእኔ ነው።»

ከኮሪደሩ ማዶ ያለው በር ሩቅ አይደለም፤ ግን እግሬ አልታዘዝ አለ። እሱ አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በካልሲው ቆሞ ጆሮውን ጥሏል። ማንም ይሁን ማን፣ እስኪሄድ ይጠብቃል። ስልኬን አውጥቼ «አትክፈት» ብዬ ልጽፍለት አማረኝ። ብጽፍለት ያምነኛል፣ አይከፍትም፤ እናቱም ቢያንስ እስከ ማታ ገበያ በእግሯ ትመላለሳለች። ዞር ብል ሁሉም ደረጃው ጋ ተጠጋግተው በዓይናቸው ይገፉኛል። እናቴ የሞተች ሲመስለኝ እንኳ እንዲህ አልፈራሁም።

አንኳኳሁ።

ቀዳዳው ጨለም አለ፤ ዓይኑ ነው። መቆለፊያው ወዲያው ተከፈተ። ሰንሰለቱንም ሲያወጣው ሰማሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እስከ ማታ አይከፍትም ነበር።

ፀጉሩ ተንጨባሯል፣ ከእንቅልፉ መነሣቱ ነው። ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ቆመ። እንባዬን በደንብ አልጠረግሁትም ነበር። ዓይኖቼን አየ፣ በማለዳ ደጁ መቆሜን አየ፣ ቀለሙ ተለወጠ።

«እናትህ ናት?» አለኝ።

መልሴን አልጠበቀም። አንድ ቀን እንኳ ተቃቅፈን የማናውቅ ሰዎች ነን፤ በሁለት እጁ ጎትቶ አቀፈኝ። ልቡ ሲመታ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። «አይዞህ» አለኝ፣ «አይዞህ ወንድሜ፣ ግባ። ዛሬ ሥራ አልወጣም፣ አብሬህ እሆናለሁ።» ከኋላዬ የሽማግሌው ጫማ መቅረብ ጀመረ። እሱ አልሰማም፣ ጀርባዬን እየደባበሰ ነው።

«የእኔ እናት አይደለችም» አልኩት።