እናቴ የምታድርበት ሰፈር

እናቴ፣ አባቴና ታናሽ እህቴ ከደብረ ብርሃን መቐለ ድረስ ሊመጡልኝ ነው የተባለ ዕለት እግሬ መሬት መርገጥ ተወ። በመምህርነት ተመድቤ መቐለ ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። ያኔ ሞባይል በየኪሱ አልገባም ነበር፤ ወሬውን የሰማሁት በትምህርት ቤቱ ስልክ ነው። ወደ ክፍል ስመለስ ስለ ቅጽል የጀመርኩትን ትምህርት ረስቼ ለተማሪዎቼ እናቴ ልትመጣ እንደሆነ ነገርኳቸው። አጨበጨቡልኝ። እናቴን የት እንደሚያውቋት እኔ እንጃ፤ ደስታ ይጋባል መሰለኝ።

ነገሩ ግን ፍርሃትም ነበረበት። እናቴ የምትመጣው ልትጠይቀኝ ብቻ አልነበረም። አባቴ እዚያው አገሬ ላይ የሥራ ቦታ አፈላልጎልኝ ኖሮ፣ እናቴ በስልክ ቁርጡን ነገረችኝ፦ ከተማውን በዓይኗ አይታ ልቧ ካልወደደው ዕቃዬን አስይዛ ይዛኝ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ መቐለን ወድጃታለሁ። በራሴ ደሞዝ የኖርኩባት የመጀመሪያዋ ከተማ ናት። አመሻሹ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘን፣ በረባ ባልረባው እየሳቅን የምንንሸራሸርባት ከተማ ናት። ወደ እናቴ ጓዳ መመለስ አልፈለግሁም፤ በቃ።

ታዲያ የት ይረፉ? የምኖረው ከአንዲት መምህርት ጋር በተከራየነው አንድ ክፍል ነው። ሁለቱ አልጋ ከገባ ወዲህ በሩ ራሱ የሚከፈተው በልመና ነበር። ስለዚህ ሆቴል የግድ ሆነ። ባልደረቦቼ ጉድ አሉ፤ እናትን ሆቴል ማሳደር ምን የሚሉት ነው ብለው ሁሉም ቤቱን ሊሰጠኝ ተሻማ። አባቴ ግን ሰው ቤት ገብቶ ሰውን ከአልጋው ማስነሳት ሞቱ ነው። እህቴ ደግሞ ሆቴል ልታድር እንደሆነ ለክፍሏ ልጆች በሙሉ ነግራ ጨርሳለች።

ያን ሳምንት ከሥራ በወጣሁ ቁጥር ሆቴል ስመረምር አመሸሁ። አልጋ ላይ ቁጭ ብድግ እላለሁ፣ ቧንቧ እከፍታለሁ፣ የበር መቀርቀሪያ እገፋለሁ፣ ደረጃውን የአባቴን ጉልበት እያሰብኩ እያነከስኩ እወጣለሁ። አንዱ እንግዳ ተቀባይ የታመምኩ መስሎት ሊደግፈኝ ሮጦ መጣ። መናኸሪያው አጠገብ ያለው ከአውቶቡስ ወርዶ ለመግባት የሚመች ነው፤ ከሥሩ ያለው መጠጥ ቤት ግን በሙዚቃው አልጋውን ያንቀጠቅጠዋል። በሰሜን በኩል፣ ወደ ውቅሮ በሚያወጣው መንገድ ዳር ያየሁት ሰፊና ንጹሕ ነው፤ የጭነት መኪናውን ሳይ ግን እህቴ ያን አስፋልት ስትሻገር ታየችኝና ተውኩት።

ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከገበያው ጀርባ፣ ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚደረስበት አንድ ትንሽ ፔንሲዮን አገኘሁ። እሱን ደግሞ ባለቤቷ አስጠላችኝ። አልጋ አለ ወይ ብዬ ሳልጨርስ የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ የት እንደማስተምር፣ ከማን ጋር እንደምኖር፣ ስለምን እንዳላገባሁ ጠየቀችኝ። አንዱን ስመልስ ሌላውን ትቀጥላለች። አልጋ ልከራይ መጣሁ እንጂ ቃል ልሰጥ አልመጣሁም እያልኩ በልቤ እያጉረመረምኩ ወጣሁ።

በመጨረሻ ከመሃል ከተማው ወጣ ብሎ አዳዲስ ቪላዎች የተሠሩበት ሰፈር ያለውን መረጥኩ። ግቢው በአበባ የተሞላ፣ አጥሩ ከፍ ያለ፣ ዘበኛው ዩኒፎርም የለበሰ፣ መንገዱ ጭር ያለ ነው። ማንም ማንንም አይነካም። ከዚህ ወዲያ ሰላማዊ ሰፈር ከየት ይመጣል ብዬ በራሴ ኮራሁ።

መጡ። መናኸሪያው ውስጥ የሦስቱም አንገት ላይ ባንዴ ልጠመጠም ስል ባርኔጣው ከአባቴ ራስ ላይ ወደቀ። ሆቴሉ ስንገባ እህቴ መብራቱን ታበራለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ታበራለች። አባቴ ፍራሹን በእጁ ጫን ጫን አድርጎ በረካ ፊት አየኝ። እናቴ መስኮቱን ከፍታ ጭር ያለውን መንገድ አየችና መልሳ ዘጋችው። የመንገድ ድካም ነው ብዬ እየዘለልኩ ቤቴ ገባሁ።

ጠዋት ስመጣ እናቴ ለባብሳ፣ ሻንጣዋን ዘግታ የግቢው በር ላይ ቆማለች። ክው አልኩ። እንቅልፍ በዓይኗ እንዳልዞረ ነገረችኝ። ጩኸት ረብሿት እንደሆነ ስጠይቃት፣ ጩኸትማ በነበረ አለች። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ወጥታ መንገድ የምትጠይቀው ሰው አጥታ ተመልሳለች፤ ያገኘችው የተዘጋ የብረት በር ብቻ ነው።

«እዚህ አገር ብትታመሚ ማን ያውቅልሻል?» አለችኝ። «አጥር እንጂ ሰው አላየሁም። አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

ያን ሁሉ ቀን ለፍቼ፣ ከከተማው ሁሉ እናቴ የምትፈራውን ነገር መርጬ አቀረብኩላት። ሳቄም ልቅሶዬም ባንድ ላይ መጣ። አባቴ ወደ ጎን ሳብ አድርጎኝ፣ ሰው ያለበት ሰፈር የላችሁም ወይ አለኝ። የመጣልኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ የዚያች መርማሪ ሴትዮ ቤት። ታክሲ ይዘን ሄድን።

ሴትዮዋ በር ላይ ተቀበለችን። «ከመይ ሓዲርክን» ብላ በትግርኛ እንዴት አደራችሁ ካለች በኋላ እናቴን ስማ ወደ አማርኛዋ ገባች። ከየት እንደመጣች፣ ስንት እንደወለደች፣ ስንት እንደቀረላት፣ ቁርስ እንደበላች፣ ለምን ፊቷ እንደጠቆረ ጠየቀቻት። በሐፍረት አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል እናቴ ሻንጣዋን አስቀምጣ ወንበር ይዛለች። በሥራ አገር ብቻውን ታሞ፣ ማንም ሳያውቅለት የሞተውን ታናሽ ወንድሟን እያነሳች ነው። እናቴ ይህን ለቤት ሰው እንኳ አታነሳም ነበር። ለምን እንደምትፈራልኝ የገባኝ እዚያ በር ላይ ቆሜ ነው።

ከዚያ በኋላማ ሰፈሩ እናቴን ተቀራመታት። ልትሳለም ስትወጣ በርበሬ ሻጯ ታስቆማታለች፤ ስትመለስ ጨርቅ ነጋዴው የወሎ ሰው አማርኛዋን ሰምቶ ወንበር ያወጣላታል። አባቴ ከዳማ ተጫዋቾች ጋር ገጥሞ መሸነፍን በትግርኛ ለመደ። አንድ ቀን እህቴ ጠፋችብን። ስንደነግጥ ሦስት ሰው በሦስት አቅጣጫ የት እንዳያት ነገረን፤ ሦስቱም ተሳስተዋል፤ አራተኛዋ እጇን ይዛ አመጣቻት። እናቴ ልጇን ከመገሠጽ ይልቅ ሴቶቹን በተራ ስትመርቅ ቆየች። እኔ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ ልታየኝ የመጣችውን እናቴን ለማግኘት ሰፈሩን ማሰስ አለብኝ።

የሚሄዱበት ጠዋት ደረሰ። እናቴ ግን ስለ እኔ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ዕቃዬን ልሸክፍ ወይስ ልተወው ሳላውቅ መናኸሪያ ደረስን። ሴትዮዋም ልትሸኛቸው አብራን መጥታለች። እናቴ ወደ አውቶቡሱ ልትወጣ አለችና ተመልሳ እጄን ያዘች። ስማኝ የምትሄድ መስሎኝ ነበር። እጄን ወስዳ በሴትዮዋ እጅ ላይ አኖረችው።

«አደራ» አለቻት። «አንድ ቀን ሳታዪያት ከዋልሽ ጠይቂልኝ።»

«ሓፍተይ፣ እህቴ፣ በሰላም ግቢ» አለች ሴትዮዋ። «የኔም ልጅ ናት።»

አውቶቡሱ ወጣ። መቐለ ቀረሁ። እያለቀስኩ እስቃለሁ፣ እየሳቅሁ በሌላው እጄ አውለበልባለሁ። አንዱን እጄን ሴትዮዋ አልለቀቀችውም። አውቶቡሱ ከዓይናችን እንደተሰወረ ወደ እኔ ዞረች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ከትናንት በስቲያ አመሻሽ ላይ ከዚያ ከረጅሙ መምህር ጋር ወዴት ስትሄዱ ነበር?»

መቐለ ከገባሁ ጀምሮ ወዴት ሄድሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሳቄ እያመለጠኝ ሁሉንም ነገርኳት።