ሟች የሌለው ለቅሶ በከታ

አዋላጅ ነርሷ ሰብሪያ በቡራዩ ከታ ሰፈር ስታልፍ ወንዶች መንገድ ይለቁላታል። አክብሮትም ነው፣ ፍርሃትም። በጤና ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር አራሶችን ሰብስባ ከወሊድ በኋላ ስላለው የባልና ሚስት ነገር ስታስተምር፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግ አታውቅበትም።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ አገሩን ካናወጠ በኋላ አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ተከለከለ። ሰብሪያ ፈቃድ ልትጠይቅ ቀበሌ ሄደች። ሹሙ የትምህርቱን ርዕስ ጠየቃት፤ ነገረችው። እስክሪብቶውን አስቀምጦ መስኮት መስኮቱን እያየ፣ ይህን ጽፎ ወደ በላይ አካል እንደማይልክ፣ ስለ ችግኝ ተከላ ከሆነ ግን ዛሬውኑ እንደሚፈቅድ ነገራት።

ሰብሪያን ያስቸኮላት የሚንሃ ጉዳይ ነው። ሚንሃ የባለሱቁ የየህያ ሚስት ናት፤ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ተሰፍታለች። አርባዋ አርብ ይሞላል፣ ባሏም ቀኑን ይጠብቃል፤ እሷ ግን መቀመጥ እንኳ ገና ያማታል። ሰብሪያ ለብቻዋ ልትመክራት ብትሞክር አልተቀበለችም።

«ለኔ ብቻ ከነገርሽኝ፣ ሰበብ ፈለግሽ ይለኛል» አለቻት። «ለሁሉም ሲነገር ልስማው።»

መላውን ያመጡት የሰብሪያ ጎረቤት እማማ ውባንቺ ናቸው። ለቅሶ አልተከለከለም አሉ። ጥቁር ሻሽ አሰሩና ለእድሩ ዳኛ ለኦቦ አበራ ድንኳን እንደሚፈልጉ ላኩባቸው። ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። በዚያ ሰሞን ልጁን የቀበረ ቤት ስለበዛ፣ ሰው ጠይቆ ከሚሰማ ዝም ብሎ መቀመጥ ይመርጥ ነበር። ሰብሪያ ይህን ስታስብ ድንኳኑን ቀና ብላ ማየት አቃታት።

ሐሙስ ዕለት አራሶቹ ልጆቻቸውን ታቅፈው እማማ ውባንቺ ቤት ገቡ። ወንዶቹ ደጅ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ እየቆረጠሙ ካርታ ያዙ፤ የህያም ሱቁን ዘግቶ መጥቷል። እዝን ይዘው የመጡት ሴቶች ቤቱን የሞላው ሁሉ አራስ መሆኑ ግራ ቢያጋባቸውም፣ ወግ ነውና ትንሽ አልቅሰው ተቀመጡ። ከዚያ ሰብሪያ ጀመረች። ደሙ ሳይቆም፣ ቁስሉ ሳይሽር፣ ሴቲቱም ራሷ ሳትፈልግ አይሆንም አለች። ጡት የምታጠባ ሴት ሰውነቷ ሊደርቅ እንደሚችል፣ የወር አበባዋ ሳይመለስም ልታረግዝ እንደምትችል ነገረቻቸው። መስኮቱ በድንኳኑ በኩል ነው። ደጅ ካርታው ቆመ።

በመሃል ሁለት ፌደራሎች ሰው ተሰብስቧል ብለው ድንኳኑ ገቡ። አንደኛው የሞተው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ለቅሶ ቤት ተገብቶ ይሄ ይጠየቃል?» አሉ ኦቦ አበራ። «ታኢ!» አሉና አግዳሚውን አሳዩት።

ሁለቱም ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ንፍሮ ተሰጣቸው። ጠያቂው አንገቱን ደፍቶ፣ እፍኙን እንደጨበጠ፣ ስለ ስፌት ንጽሕና እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«አርባው ሞልቶም ካመማትስ?»

የየህያ ድምፅ ነበር።

«ቁስል አርባ አይቆጥርም» አለች ሰብሪያ በመስኮቱ። «ካመማት ትጠብቃለህ። አምጣትና ልያት።»

ቤት ውስጥ ሚንሃ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ባሌ መሆኑን አወቃችሁ?»

ሴቶቹ ባንድ አፍ አላወቅንም አሏት።

አርብ ጠዋት የህያ ሕፃኑን ራሱ ታቅፎ ሚስቱን ጤና ጣቢያ አመጣት። ስፌቱ በአንድ ጎኑ አልገጠመም ነበር፤ ሕክምናው ተጀመረላት። መቼ እንደምትድን አልጠየቀም። ሕፃኑን እየወዘወዘ ደጅ ጠበቃት።

ድንኳኑ ሲፈርስ ኦቦ አበራ ሰብሪያን ወደ ጥግ ጠሯት።

«ኢንተላ ኮ፣ ሱሉልታ ያለችው ልጄ ወልዳለች» አሏት፣ እንደ ልጃቸው ጠርተዋት፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እዚያም አንድ ሰው ይሞትልን ይሆን? ድንኳኑን እኔው እጭናለሁ።»