የደጅ ላይ ጥየቃ

ታናሽ ወንድሜ ከብስክሌቱ ላይ ሲወድቅ በዓይኔ ያየሁ ይመስለኛል። ከደሴ ወጣ ብሎ ካለው የሐረጎ ተራራ ቁልቁል በሚወርድ ሚኒባስ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀምጫለሁ። ጃኬቱ በነፋስ ተነፍቶ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ፣ የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ጠጠሩ ሲንሸራተት፣ ከዚያም ሁለት እጆቹን እንደ ዋናተኛ ዘርግቶ ሲወረወር ዛሬም ይታየኛል። እናቴ ይህን ስናገር በሰማች ቁጥር በትዕግሥት ታርመኛለች። «አንተ ደሴ ነበርክ። የመጣኸው በማግሥቱ ነው። የጃኬቱንም ነገር የነገረህ እሱ ራሱ ነው።» እሱ ደግሞ ስለ አወዳደቁ አንዳች ነገር አያስታውስም። እንግዲህ ጃኬቱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ከመካከላችን የለም።

የቤተሰባችን ቤት ኮምቦልቻ ነው። እኔ ደሴ ውስጥ አስተምራለሁ፤ ወንድሜ እዚያው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ደሴ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች ብስክሌት አይበዛባትም፤ ለኮምቦልቻ ወጣት ግን ብስክሌት እግሩ ነው። በዕረፍት ቀን ደፋር ደፋሮቹ ዕቃ ጭኖ ወደ ደሴ በዝግታ የሚወጣ መኪና ይጠብቁና ከኋላው የተንጠለጠለውን ገመድ ወይም ብረት በአንድ እጃቸው ጨብጠው ዳገቱን ያለ ድካም ይወጡታል። ሲመለሱ ቁልቁለቱን ፔዳል ሳይነኩ ይለቁታል። ወንድሜም ያን እሑድ ሊጠይቀኝ የመጣው እንዲሁ ነበር። ፒያሳ አብረን ምሳ በላን፤ አስተናጋጁን ሲያስቅ ቆየና ሄደ። ራሱ ላይ ከሹራብ ኮፍያ በቀር የነበረ ነገር የለም። ሄልሜት የሞተረኛ ዕቃ ነው ብለን ስለምናስብ በወሬያችን ውስጥ እንኳ ገብቶ አያውቅም።

ከወደቀ በኋላ እየሳቀ ተነሣ አሉ። መንገደኞች ውሃ አፈሰሱበት፤ አንድ ባጃጅ ብስክሌቱንም እሱንም ጭኖ ቤት አደረሰው። ክርኑ ከመላጡ በቀር ደም አልታየም። ደም ያልታየበት አደጋ በእኛ ዘንድ ሕመም ሳይሆን የምሥራች ነው፤ የሰፈሩ ሰው «እንኳን አላህ አተረፈህ»፣ «እንኳን እግዜር አወጣህ» እያለ ይጎርፋል። ተጠያቂውም ለእያንዳንዱ ጠያቂ ቀና ብሎ ተቀምጦ፣ እጅ ነሥቶ፣ እንዴት እንደወደቀ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማውራት አለበት። አንዱን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ቅያሜ ነው። ብርቱካን መጣ፣ ማንጎ መጣ፣ አንዲት ጎረቤት አናቱን ቅቤ ቀባችው። የገባው ሁሉ «አብሽር፣ አይዞህ» አለው፣ የወጣው ሁሉ «አብሽር» አለው።

በማግሥቱ ስደርስ ሳሎኑ ሙሉ ነበር። ወንድሜ መሀል ተቀምጦ ታሪኩን ያወራል። መጀመሪያ ላይ ታሪኩ ውስጥ ውሻ ነበር አሉ፤ እኔ ስገባ ውሻው በሬ ሆኗል። የዘነጋውን ጠያቂዎቹ ይሞሉለት እንደነበር የገባን ቆይቶ ነው። አየኝና «መቼ መጣህ?» አለኝ። አሁን መጣሁ አልኩት። ጥቂት ቆይቶ «መቼ መጣህ?» አለኝ። ሰዉ ሳቀ። ደግሞ ጠየቀኝ፤ ሰዉ አብልጦ ሳቀ። ከልጅነቱ ጀምሮ ቀልደኛ በመሆኑ ያን ጥያቄ ከቀልድ በቀር ሌላ ነገር ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። ያልሳቀችው እናቴ ብቻ ናት። «ይኼ ልጅ ሲቀልድ ዓይኑ ይስቃል። አሁን አልሳቀም» አለች። ወዲያው ማስታወክ ጀመረ፤ ይዘነው ወደ ደሴ ሆስፒታል ወጣን።

መርምረው፣ ራሱን በራጅ አንሥተው፣ አቆይተው ተከታተሉት። ወጣቷ ሐኪም የነገረችንን ቃል በቃል ይዤዋለሁ ብዬ ልምል አልችልም፤ ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ደም ስላልወጣ ጉዳት የለም አይባልም፤ የራስ ቅሉ አልተሰነጠቀም፣ አንጎሉ ግን ተናውጧል። መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ስልክ አይነካካ፣ ጫጫታ አይስማ፣ ብዙ አያውራ። ራስ ምታቱ ከባሰ፣ ደግሞ ደጋግሞ ካስታወከ፣ እንቅልፉ ከብዶ አልነቃ ካለ፣ ንግግሩ ከተምታታ፣ እጅ እግሩ ከደከመ ሳይውል ሳያድር ይምጣ። ተሽሎት እሷ እስክትፈቅድለትም ብስክሌት የሚባል ነገር የለም፤ ከዚያ በኋላም ያለ ሄልሜት አይነዳም። ሁለተኛ መውደቅ ከመጀመሪያው ይከፋል።

«ጥየቃስ?» አለች እናቴ።

ሐኪሟም የወሎ ልጅ ናት። «እናቴ፣ እሱን እንግዲህ እርስዎ ይወቁበት» አለቻት።

ወደ ቤት ይዘነው የተመለስነው ልጅ የምናውቀው ልጅ አልነበረም። የማንኪያ ድምፅ ያስቆጣው ነበር። መጋረጃው ሲገለጥ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ያ በእኔ መነጽር፣ በእናቴ የስልክ አያያዝ ሲያሾፍ የሚውል ሰው የተጠየቀውን ብቻ መልሶ ዝም ይላል። እናቴ ወጥ ቤት ጠርታኝ «ልጄን መልሰውልኛል፤ ጨዋታውን ግን እዚያው አስቀርተውታል። ይመለስ ይሆን?» አለችኝ።

በነጋታው ጠዋት እናቴ የግቢውን በር ዘግታ፣ ከውጭ በኒም ዛፉ ጥላ ሥር ምንጣፍ አንጥፋ ተቀመጠች። የመጣውን ጠያቂ ሁሉ እዚያው ተቀበለች፤ ወደ ውስጥ ግን አንድም ሰው አላስገባችም። በኮምቦልቻ ጠያቂን ከደጅ መመለስ ምን ያህል ነውር እንደሆነ የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ወሬው ከቤት ቤት ዞረ። «ልጇን እንደ ሙሽራ ጫጉላ አስገባችው» ያሉ ነበሩ።

የእድራችን ዳኛ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው።

«እታለም፣ ለታመመ ሰው በር ይዘጋል እንዴ?»

«የተዘጋው ለታመመው ነው ጋሼ። ለእርስዎማ ይኸው ምንጣፍ ተነጥፏል።»

«ዓይኑን ሳላየው ልመለስ?»

«ዓይኑን ካዩት ያናግሩታል፣ ካናገሩት ይመልሳል፣ ሲመልስ ራሱን ያመዋል። እግሩ ተሰብሮ ቢሆን ተነሥተህ ሸኘኝ ይሉት ነበር?»

ሽማግሌው ከዘራቸው ላይ ተደገፉ። «ሰው ሳይጠይቀው የዳነ በሽተኛ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«ወላሂ ሰምቼ አላውቅም። እስቲ አብረን እንየው።»

ጥቂት አሰቡና ተቀመጡ። ብዙም ሳይቆዩ አንዲት ዘመዳችን ከሩቅ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ያ ረቢ» እያለች ስትመጣ ከዘራቸውን አነሡባት። «ቀስ። ቁጭ በይ። አንጎሉ ነው።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእናቴ የባሱ ጥብቅ ዘበኛ ሆኑ።

ምንጣፉ ላይ የተቀመጠ ሰው በሽተኛውን ካላየ ምን ያደርጋል? ይጠይቃል። እናቴም ሐኪሟ ያለችውን ትደግማለች፤ ማስታወኩን፣ እንቅልፉን፣ የንግግሩን መምታታት፣ ሄልሜቱን። ሰዉ ደግሞ የራሱን ጉድ ያወጣል። የአንዱ ልጅ ከማንጎ ዛፍ ወድቆ ነበር፤ የሌላው ከሕንፃ መወጣጫ ላይ። ሐርቡ ከተማ ባጃጅ ተገልብጦበት በእግሩ ወደ ቤቱ የገባ፣ ማታውን ግን ተዝለፍልፎ የወደቀ ወጣት ነበር። ሁሉም ለየብቻ የሚታወቅ ታሪክ ነው፤ አንድ ላይ ተቀምጠው ሲወሩ ግን ሌላ ነገር ሆኑ። አንዲት እናት ስታዳምጥ ቆይታ ጉልበቷን አቅፋ እንዲህ አለች፦ «የኔ ልጅ ከወደቀ ወዲህ በትንሽ ነገር ይጮኽብኛል። ትምህርቱንም ተወ። ጠባዩ ተበላሸ ብዬ ስረግመው ኖሬአለሁ።» እናቴ እጇን ይዛ «የጠባይ ነገር አይመስለኝም፤ ውሰጂውና ይዩት» አለቻት። ሽማግሌው ቀና ብለው ወደ መንገዱ ተመለከቱ፤ ያኔ ይመስለኛል ይህን ነገር ወደ እድሩ ስብሰባ ለማምጣት የወሰኑት። አምጥተውታልም፤ ራሱን የተመታ ሰው በደጅ ይጠየቅ ብለው አባላቱ ተስማሙ፤ የመስጊዱ ኢማምም ከጁምዓ ሶላት በኋላ ስለ ሄልሜቱ ተናገሩ።

የወንድሜ የፋብሪካ ጓደኞች የሚመጡት በብስክሌት ነበር። እናቴ «ሄልሜት ያላደረገ ምንጣፌን አይርገጥ» አለቻቸው። በማግሥቱ አንደኛው ቀይ ሄልሜት አድርጎ መጣ፤ ተመረቀ፣ ሄደ። ቆይቶ ሌላው ቀይ ሄልሜት አድርጎ መጣ። ሦስተኛው ሲመጣ እናቴ አገጩ ሥር ያለውን ማሰሪያ ይዛ ተመለከተችው። «ይኼ ሄልሜት ልጄን በጣም ይወደዋል መሰለኝ። ከጠዋት ጀምሮ እየተመላለሰ ይጠይቀዋል።» ከመታጠፊያው ጀርባ ተራቸውን የሚጠብቁት ሲስቁ ተሰሙ። ተሰብስበው ሲመጡ ተቆጣቻቸው፤ ተቆጥታም ለእያንዳንዳቸው ማንጎ ሰጠቻቸው። የራሳቸውን መግዛት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ሁሉም ገዝተዋል ብዬ ግን አልምልም፤ የመኪና ገመድ ጨብጦ ዳገት የሚወጣ ዛሬም አይጠፋም።

ወንድሜ አሁን ወደ ሥራው ተመልሷል። የማሽን ድምፅ ቶሎ ስለሚያደክመው ጸጥ ወዳለ ክፍል አዛውረውታል፤ አንዳንዴም ቃል ይጠፋበትና እጁን እያወዛወዘ ይፈልገዋል። ስለዚያ ሰሞን የማስታውሰው የቀንና የቅደም ተከተል ነገር ተምታቶብኛል፤ ከደሴ እየተመላለስኩ የያዝኩትን ከእናቴ ከሰማሁት መለየት ያቅተኛል። አንዱን ከሰዓት ግን እኔ ራሴ እዚያ ነበርኩ።

ምንጣፉ ሞልቷል። እናቴ አዲስ ለመጡ ሴቶች ምልክቶቹን ትዘረዝራለች፤ ራስ ምታቱን፣ እንቅልፉን፣ የእጅ እግሩን መድከም። በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተ። ወንድሜ ፀሐዩን በመዳፉ ከልሎ ቆመ፤ ከስቷል።

«እማ፣ ማስታወክን ዘለልሽ» አለ።

ዞር ብላ አየችው።

«ከመስኮቴ ሥር ስታስተምሪ ነው የከረምሽው። ክፍል ሳልገባ የተመረቅሁ እኔ ብቻ ነኝ።»

ዓይኑ ይስቅ ነበር። እናቴ የሻሿን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ሰዉ በአንድነት ሊነሣ፣ ሊያቅፈው፣ «አብሽር» ሊለው ተንቀሳቀሰ። ሽማግሌው ከዘራቸውን በምንጣፉ ላይ አጋደሙት። ማንም አልተነሣም። ያ ሁሉ ሰው ሰላምታውን በጉሮሮው ይዞ፣ ፈገግ እንዳለ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ አየው።

ወንድሜም አንድ በአንድ አያቸው። «አሰላሙ አለይኩም» አለ በመጨረሻ።

«ወአለይኩም ሰላም» አሉት ሽማግሌው፣ ሁላችንንም ወክለው፣ በለሆሳስ።