ነርቭ ሲጎለምስ

ደብረ ማርቆስ ማስተማር በጀመርሁበት ዓመት፣ ገና በንጉሡ ዘመን፣ ከሰባተኛ ክፍል ተማሪዎቼ አንዱ በዕድሜ ይበልጡኝ ነበር። ከቁይ የመጡ፣ ሚስትና ልጆች ያሏቸው ዲያቆን ናቸው። ቅኔ ከተቀኙ በኋላ ድጓውን መሀል ላይ ትተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገቡት ስምንተኛን ጨርሰው ድሬሰር ሆነው ታማሚ ለማከም ነው። በአገራቸው ታማሚ በቃሬዛ እስከ ማርቆስ ይመጣል፤ መንገድ ላይ የሚቀረው ብዙ ነው። ታላቅ ወንድማቸው እንዲያ ቀርተዋል።

ልጆቹ «አባባ» እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸውም «አንተም ቶሎ ተማር፣ ሳትሸብት» ብለው ይመልሳሉ።

አንድ ዓርብ ስለ ነርቭ አስተማርሁ። የሰው ገላ በሙሉ ከአንድ ሕዋስ ተባዝቶ ስለሚመጣ፣ የቆዳውም የጉበቱም የአንጎሉም ሕዋስ አንድ ዓይነት ጽሑፍ በውስጡ እንደያዘ አስረዳሁ። ዛሬ ዘረ መል የምንለው የዚያ ጽሑፍ ክፍል ነው። ልዩነቱ ያለው እያንዳንዱ ሕዋስ ከጽሑፉ በሚያነበው ላይ ነው። ቀጥዬም «ነርቭ ሕዋስ ከጎለመሰ በኋላ አይባዛም፤ የመባዣው ምዕራፍ ይዘጋል» ስል ደወል ተደወለ። የቀረውን ለሰኞ አቆየሁት።

በማግሥቱ ገበያ ስወጣ በአምበር በኩል የሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ጓዛቸው ሁሉ አጠገባቸው ነው፤ የሚተኙበት አጎዛ ሳይቀር ተጠቅልሏል።

«ወዴት ነው እንዲህ ጓዝ ጠቅልሎ?» አልኋቸው።

«ወደ ቀዬዬ ነዋ፣ መምህር። ትናንት ፈረዱብኝ እኮ።»

«እኔ?»

ዓይናቸውን ጨፍነው ቃሌን ከነአነጋገሬ ደገሙት፦ «ነርቭ ሕዋስ ከጎለመሰ በኋላ አይባዛም፤ የመባዣው ምዕራፍ ይዘጋል።» ከዚያ ግንባራቸውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉ። «ይኸው ጎልምሷል። በተዘጋ ቤት ምን ይገባል? እንግሊዝኛው እምቢ ያለኝ ለካ በዚህ ነው።»

እሳቸው ባደጉበት የቤተ ክህነት ትምህርት መምህሩ ለዕለቱ የሰጠው ቃል ሙሉ ነው፤ ተማሪው ያንኑ ይዞ ይሄዳል። በዚያ ቃልን መሀል ላይ የሚቆርጥ ደወል የለም።

«ይውረዱ እስቲ፣ ትምህርቱ አላለቀም» አልሁ።

የመኪናው ረዳት ከላይ ሆኖ ጮኸ፦ «ጋሼ፣ መኪናው ሊነሣ ነው! ትምህርቱን አምበር ላይ ጨርሱት!»

ወረዱ። አጎዛው ግን ላይ ቀረ።

«በዐቢይ ጾም ከበሮ ይመታል?» ብዬ ጀመርሁ።

«አይመታም።»

«ከቤተ ክርስቲያኑ ጠፍቷል ማለት ነው?»

«ኧረ ዕቃ ቤት ተቀምጧል።»

«ሕዋሱም እንዲሁ ነው። ጽሑፉ ሁሉ አለ። በጽሑፉ ላይ የሚያርፉ ነገሮች ግን አንዱን ይከድናሉ፣ ሌላውን ይገልጣሉ፤ የተከደነው አይነበብም። ሕዋሱ ነርቭ ለመሆን ሲያድግ የመባዛቱ ክፍል ይከደናል። በዚያው ጊዜ ቅርንጫፍ አውጣ፣ ከጎረቤትህ ጋር ተነጋገር፣ መልእክት ተቀበል የሚለው ክፍል ይገለጣል።»

«ከበሮውንስ ፋሲካ ያወጣዋል። የመባዛቱን ክፍል ማን ያወጣዋል?»

ተያዝሁ። ምሳሌዬ ከዚህ አልፎ አይሄድም። «እሱስ አይወጣም» አልኋቸው። «ከበሮውን ይተዉት፤ መነኩሴ ያስቡ። መነኩሴ ይወልዳል?»

«አይወልድም።»

«መማርስ ያቆማል?»

ሳቃቸው መጣ። «እንዴት ብሎ! የድጓ መምህሬ መነኩሴ ናቸው፤ አዲስ ነገር የሰሙ ዕለት እንደ ልጅ ነው የሚያደርጋቸው።»

«የእርስዎም ነርቭ መንኩሷል፤ ሌላ ምንም አልሆነም። እንዲያውም ሰው አዲስ ነገር ሲማር ነርቩ ከጽሑፉ የሚገልጠው ሳይኖር አይቀርም ይላሉ የሚመራመሩት። ገና በደንብ አልታወቀም።»

«ታዲያ ይህን ትናንት አይነግሩኝም?»

«ደወሉ ነዋ!»

«አይ የናንተ ደወል! የኔታ ቢሆኑ ፀሐይ ትጠብቃለች እንጂ ቃል አይቆረጥም።»

«አንቱ ሰውዬ!» አለ ረዳቱ። «ይሄዳሉ ወይስ ይመነኩሳሉ?»

ወደ እኔ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እንግሊዝኛው ግን... ጨርሶ ባይገባኝስ?»

ይገባዎታል ብዬ ልምልላቸው አልቻልሁም። «ከልጆቹ ይበልጥ ያስቸግርዎታል» አልሁ። «ቢያስቸግር ግን ተዘግቶ አይደለም። ከትምህርት በኋላ ብንቀመጥ እኔ አለሁ።»

መኪናውን አዩት፤ የአምበርን መንገድ አዩት። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«በል፣ አጎዛዬን አቀብለኝ።»

ረዳቱ እያጉረመረመ ከነስልቻቸው ወረወረላቸው። እኔ ስልቻቸውን ተሸክሜ ዳገቱን ተያያዝነው። ጥቂት እንደ ሄድን «ያን የሕዋሱን መክደኛ፣ ‹ጊዜው ደርሷል፣ ክደን› የሚለው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መልሱን በተርታ ማስረዳት ጀመርሁና ግማሽ ላይ ስደርስ አለማወቄ ገባኝ፤ እንደማላውቅም ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ይፈልጉልኝ» አሉ፣ አጎዛውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እያዛወሩ። «ከእንግሊዝኛው በኋላ እንነጋገርበታለን።»