የባሕሩ ቤት ደረጃ

ይህን ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም። ለሚስቴም አልነገርኩም። በየዓመቱ በፍልሰታ ሌላ ሌላውን እናዘዛለሁ፤ ቁጣዬን፣ ስንፍናዬን፣ ከደንበኛ ጋር የተጨቃጨቅኩትን ሁሉ። እዚህ ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ ስለዚህ ለእናንተ መጀመር ቀሎኛል። እንባ አትጠብቁ፤ እኔም ጠብቄው አልመጣም።

ስሜ ታምራት ነው። ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ተወልጄ እዚያው ፀጉሬ ሸበተ። አባቴ ከከፋ መጥቶ ማዞሪያው ጋ ሱቅ ሲከፍት የጎን ጎረቤቱ ሐጂ ኑሪ ነበሩ፤ ብርድ ልብስና ምንጣፍ ይሸጣሉ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። እናቴ ሱቅ ስትውል ምሳዬን የምበላው እሳቸው ቤት ነበር። የጾም ቀን ሲሆን ለእኔ ብቻ ብለው ሽሮ ይሠሩልኛል፤ እኔ ረስቼው እንኳ ረቡዕ መሆኑን የሚያስታውሱኝ እሳቸው ነበሩ።

አድጌ ነጋዴ ሆንኩ። ኢስታንቡል እየተመላለስኩ ልብስ አመጣለሁ። በእኛ ንግድ አንድ ልማድ አለ። አንዱ ሲሄድ ለሌላውም ያያል። የጎረቤቱን ዕቃ በእጁ ነክቶ፣ ስፌቱን ገልብጦ፣ "አይቼዋለሁ" ካለ አለቀ። ፎቶ ላክ አይባልም። ደግሞ መጠየቅ ሰውየውን መስደብ ነው። በዚህች አንድ ቃል ስንቱ ሱቁን ሞልቷል። እኔም ብዙ ጊዜ ለብዙ ሰው አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ሳንባቸው ደካማ ነበር። ከቆሼ በኩል ነፋስ የተነሣ ቀን መስኮት ዘግተው ነው የሚውሉት። ቤቴል ያሉት ሐኪማቸው የአዲስ አበባ ከፍታ ለእሳቸው እንደማይስማማ፣ ከዓመቱ ጥቂት ወር ዝቅ ያለ አገር፣ ቢቻል ባሕር ዳርቻ ቢያሳልፉ ትንፋሻቸው እንደሚያርፍ ነገሯቸው። ጀርመን ያለችው ልጃቸው ሶፊያ ይህን ስትሰማ ሐሳብ አመጣች። ቱርክ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ትንሽ የዕረፍት ቤት እንግዛ፣ እናንተ ክረምቱን እዚያ ታሳልፋላችሁ፣ እኔም በዕረፍቴ እመጣለሁ አለች።

ቤቱን ያገኘላቸው ኢስታንቡል የሚኖር ሐበሻ ደላላ ነው። በቋንቋችን ይናገራል፣ ይምላል፣ እሱ ጋ መጥፎ ቤት የሚባል ነገር የለም። ሐጂ ደግሞ ደላላ አያምኑም። ሶፊያ ብልህ ነች፤ እዚያው አገር ጠበቃ እንያዝ፣ ቤት የሚመረምር ባለሙያ ሄዶ ይየው ብላ ነበር። ሐጂ ሳቁባት።

"ታምራት እያለ ጠበቃ ምን ያደርግልናል?" አሉ። "የማናውቀው ሰው አይቶ ከሚነግረን የገዛ ልጃችን አይቶ ቢነግረን አይሻልም?"

ደስ አለኝ። ከጠበቃ መብለጤ ደስ አለኝ። ይህንንም መዝግቡልኝ።

ልሄድ ስል እትዬ ዘይነባ እስከ በር ሸኙኝ። እጄን ይዘው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ትንሽ ቆሙ።

"ልጄ፣ ባሕሩን ተወው፣ ኩሽናውንም ተወው" አሉኝ። "ደረጃውን ብቻ እይልኝ። ደረጃ ከበዛ እኔ አልችልም።"

"አይቼ እነግርዎታለሁ።"

"አደራ።"

አልሄድኩም።

ቤቱ ያለበት ከተማ ከኢስታንቡል በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ያስኬዳል። ካርጎ ላይ የተያዘ ዕቃ ነበረኝ። ጉንፋንም ይዞኝ ነበር። ምክንያት ብፈልግ ሌላም አላጣም። እውነቱን ልንገራችሁ? ዕቃው ወዲያው ተለቀቀ። ጉንፋኑም በሻይ የሚለቅ ዓይነት ነበር። የምሄድበት ጊዜ ነበረኝ፤ በዚያ ጊዜ ተኛሁ። ከደላላው አንድም ነገር አልተቀበልኩም። ተቀብዬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ለምን እንዳደረግኩት እናገር ነበር። ሰው አደራ በልቶ ምንም ሳይተርፈው ሲቀር ምን ይባላል? እኔ ስም አላገኘሁለትም። ሰነፍኩ፣ በቃ። እናቴን ለምታህል ሴት አንድ አውቶቡስ መሳፈር ሰነፍኩ።

ደላላው በስልክ ቪዲዮ ልኮልኝ ነበር። ያረፍኩበት ቤርጎ አልጋ ላይ ተጋድሜ አየሁት። ሳሎን፣ ኩሽና፣ በረንዳ፣ ከበረንዳው ማዶ ሰማያዊ ባሕር። "ሊፍት አለው፣ አታስብ" የሚል መልእክትም ከሥሩ ጽፎልኛል። ሐጂ ሲደውሉ እዚያው አልጋ ላይ ነበርኩ።

"አየኸው?"

"አይቼዋለሁ" አልኩ።

"እንዴት ነው?"

"በጣም ደስ ይላል ሐጂ። ባሕሩ ከሳሎን ይታያል። ነፋሱ ብቻውን መድኃኒት ነው።"

ነፋሱን ከየት አመጣሁት? ቪዲዮው ላይ ነፋስ የለም። ሐጂም ስለ ነፋስ አልጠየቁኝም። ውሸቱ አንሶኝ ይመስል ከራሴ ጨመርኩበት። እትዬ ዘይነባ ስልኩን ተቀበሉ።

"ደረጃውስ ልጄ?"

"ሊፍት አለው እትዬ። ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ።

ሐጂ አጠገባቸው ነበሩ፤ ግን እኔ ያልኩት አልተሰማቸውም። የሰሙት የሚስታቸውን አልሐምዱሊላህ ብቻ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ በኋላ ይፈለጋል።

ቤቱ ተገዛ። ክረምት ሲገባ ባልና ሚስት ሄዱ፣ ሶፊያም ከጀርመን መጥታ ተቀበለቻቸው። እኔ ሱቄ ውስጥ ሸሚዝ እያጣጠፍኩ እትዬ ዘይነባ ደወሉ። ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል፣ ትንፋሻቸው ከቃላቸው ይቀድማል።

"ነፋሱስ እንዳልከው ነው" አሉ። "ሊፍቱ ግን የለም ልጄ። ጉድጓዱ ብቻ ነው ያለው፣ በጣውላ ዘግተውታል። እኛ አራተኛ ፎቅ ነን። አልሄድክም፣ አይደል?"

አንድ ደንበኛ የሸሚዝ ልክ እየጠየቀኝ ነበር፤ ያጣጠፍኩትን ሸሚዝ መልሼ ዘረጋሁት።

"ይሁን" አሉ። "ለሐጂ ነግሬያቸዋለሁ። ታምራት ሊፍት እንደሌለው በስልክ ነግሮኝ ነበር፣ ባሕሩ አምሮኝ ነው የደበቅኳችሁ፣ እሱንም እንዳትነግራቸው ብዬ የለመንኩት እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ። ይህን እንዳታፈርስብኝ።"

"እትዬ፣ ለምን?"

"አንተ በቃልህ የምታድር ሰው ነህ። አላየም ከተባለ ማን ያምንሃል? ልጆች አሉህ። እኔ ምን እሆናለሁ፣ ባሌ ቢቆጣኝ ይቆጣኝ። እሺ በለኝ።"

"እሺ" አልኩ።

አልጋ ላይ ተኝቼ "አይቼዋለሁ" ያልኩት ስንፍና ነው፤ ሰነፍ ነበርኩ ብዬ ላልፈው እችል ይሆናል። ይህችን "እሺ" ግን ምን እላታለሁ? ቆሜ፣ ነቅቼ፣ ምን እንደምል እያወቅኩ ነው ያልኳት። ስልኩን ዘግቼ ለደንበኛው ሸሚዙን ሸጥኩለት።

ያን ክረምት እትዬ ዘይነባ ባሕሩን በበረንዳ ሆነው አዩት። ለመግባት አንድ ጊዜ፣ ለመመለስ አንድ ጊዜ ደረጃውን ተጉዘዋል፤ በመሐል አንድ ቀን ብቻ ወርደው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረዋል። ሲመለሱ ሰፈሩ ሊጠይቃቸው ተሰበሰበ። "ታምራት እንዳለው ነው፣ አንድም ነገር አላጎደለም" አሉ፣ እኔ እዚያው ተቀምጬ። ከዚያ ወዲህ ስሜ ከፍ አለ። ውጭ አገር ቤት መግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ወደ እኔ ይመጣል። የሚመክረን አጣን፣ ሁሉም ሊበላን ነው፣ አንተ እይልን ይሉኛል። አሁን እሄዳለሁ። ደረጃውን ወጥቼ፣ የሊፍቱን ቁልፍ ራሴ ተጭኜ፣ ውኃውን ከፍቼ አያለሁ። እንዴት ያለ ጠንቃቃ ሰው ነው ይላሉ።

እትዬ ዘይነባ በሚቀጥለው ዓመት አረፉ፤ እዚሁ፣ ኮልፌ፣ አልጋቸው ላይ። ደረጃው ገደላቸው አልልም። ሕመሙ ቀድሞም ነበር፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነው ያሉት። ራሴን ከሚገባኝ በላይ ብከስም ውሸት ይሆንብኛል።

የሚገባኝ ይህ ነው። ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሳሳ ሲል፣ ሐጂ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዓይናቸው ደርቋል።

"ደበቀችኝ እኮ ታምራት" አሉ። "ስንት ዘመን አብረን ስንኖር አንዲት ነገር ደብቃኝ አታውቅም ብዬ ነበር የማስበው። ባሕር አምሮኝ ነው አለች። ብትነግረኝ ኖሮ እንደማልገዛው ታውቃለች። እያወቀች ደበቀችኝ፤ ያን ደረጃ እንደዚያ እያቃሰተች ስትወጣ እኔ ቆሜ አየሁ።"

ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተንም ውሸታም አደረገችህ፣ ያላመልህ። አሁን ሄዳለች። ይቅር በላት።"

እንዲህ ብለው እጄን ያዙ። ምን ማለት ነበረብኝ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? አታውቁም አትበሉኝ፣ ታውቃላችሁ። እኔም አውቅ ነበር።

"ይቅር ብያታለሁ" አልኩ።

በሕይወቴ አንቱ ብዬ የጠራኋቸውን ሴት፣ በዚያች አንዲት ቀን እሷ አልኳቸው። ይቅር ባይ ሆኜ ከፍ አልኩባቸው። ሐጂ "አላህ ይስጥህ" አሉኝ። ምንም አልተሰማኝም። እስካሁን የሚያስደነግጠኝ እሱ ነው፤ ምንም አልተሰማኝም። ሻይ አመጡልኝ፣ ጠጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሐጂን ነገር በየሳምንቱ አያለሁ። ዓርብ ዓርብ የእትዬ ዘይነባ መቃብር ጋ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ሱቄ በር ላይ ትንሽ ያርፋሉ። ሰው ስለ እትዬ ዘይነባ ደግነት ሲያነሣ "እሷማ ያሻትን ነው የምታደርገው" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። አንድ ቀን "ዱዓ አደርግላታለሁ፣ ቂሙ ግን ከሆዴ አልወጣም፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?" ብለው ጠየቁኝ። ጠያቂው እሳቸው፣ ተጠያቂው እኔ። "ጊዜ ይፈጃል ሐጂ" አልኳቸው። መካሪ ነኛ።

በቅርቡ ቁልፉን ሰጡኝ። ቤቱን ሊሸጡት ነው፤ "የእኔ እግር እዚያ አይረግጥም፣ በሚቀጥለው ጉዞህ ጎራ ብለህ እይልኝ" አሉ። በዚህ ጊዜ አውቶቡሱን ተሳፈርኩ።

ሊፍቱ በጣውላ እንደተዘጋ ነው። ደረጃውን መውጣት ጀመርኩ። ጤነኛ ነኝ፣ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከግድግዳው ጥግ ነጭ የላስቲክ ወንበር አለ፣ ትራስ የታሰረበት። ትራሱ የኮልፌ ነው፤ ሐጂ ሱቅ የሚሸጠው ጨርቅ ነው፣ አበባውን ሁሉ አውቀዋለሁ። አንዲት ጎረቤት በሯን ከፍታ አየችኝ። ቋንቋውን ለንግድ ያህል እሰማለሁ፤ እዚያ ትልቅ ሴትን አክስት ብለው ነው የሚጠሩት። "የአክስታችን ወንበር ነው፤ ስትወጣ እዚህ ነበር ያረፈችው፣ ማንሣት አልቻልንም" አለችኝ። የምቀመጥ መስሏት በእጇ ጋበዘችኝ። አልተቀመጥኩም። ወደ አራተኛው ፎቅ ወጣሁ፣ ከፈትኩ፣ በረንዳው ላይ ቆምኩ። ባሕሩ ከሳሎን ይታያል። ነፋሱም ደህና ነፋስ ነው። እዚያ ነው አንድ ነገር የተሰማኝ፤ ሐዘን ይሁን እፍረት ለይቼ አልነግራችሁም፤ በረንዳው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ።

የፊታችን ዓርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ ሐጂ ሱቄ በር ላይ ሲያርፉ ይህን ሁሉ እንዳለ አነብላቸዋለሁ። በቃሌ ብነግራቸው መሐል ላይ ጉንፋኑን እንደማነሣ ራሴን አውቀዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ለእሳቸው ነው።

ሐጂ፣ እትዬ ዘይነባ ስለ ደረጃው አያውቁም ነበር። በር ላይ እጄን ይዘው ደረጃውን እይልኝ ብለው አደራ ብለውኛል። በስልክም ጠይቀውኛል። ሊፍት አለው አልኳቸው። ቤቱን አላየሁትም ነበር። ያን ቀን አጠገብዎ ሆነው አልሐምዱሊላህ ያሉት እኔን አምነው ነው። ባሕር አምሯቸው አይደለም ያንን ደረጃ የወጡት። አብረው በኖሩበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ ዋሽተውዎታል፤ እሱም የእኔን ስም ለማትረፍ ነው። ቂምዎ የእኔ ነው፣ ለእኔ ይስጡኝ። ይቅር ይበሉኝ አልልዎትም። ለቅሶው ላይ "ይቅር ብያታለሁ" ያልኩትን ግን፣ ያን ቃሌን አንሥቻለሁ። ይቅር የምላቸው ነገር አልነበረም።