ፈረሱ የበላው ጎመን

እንዲመዘገብልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው፤ ለፈረስ የተፈቀደ ቅጠል ለእኔ ተከለከለ። በፈረንጆቹ ሰባዎቹ መጀመሪያ፣ ልጄ እዚህ ፈረንጅ አገር ስትማር፣ እኔም አብሬያት ሳለሁ ነው። ከሳን ሆዜ ከተማ በላይ፣ ድሮ ኖራ ይቆፈርበት የነበረው፣ አሁን መናፈሻ የሆነው ነጭ ኮረብታ ላይ፣ ጭልፊት የሚያንዣብብበት ዳገት ሁሉ ቅጠሉ እንደ ጎመን የሚበላ ሰናፍጭ በቅሎበት ነበር። ለጾም ወጥ ቅጠሉን ስንቀጥፍ የመናፈሻው ጠባቂ መጥቶ ዘንቢሌን ደፋው። አጠገባችን የአንድ ሽርሽረኛ ፈረስ ያንኑ ቅጠል ይግጣል።

«ይኼንንስ ለምን አይከለክለውም?» አልኳት ልጄን።

«እማዬ፣ ይተዉት።»

«አልተውም፤ ተርጉሚ።»

ስትተረጉምለት መቅጠፍ ክልክል ነው ወደሚል የእንግሊዝኛ ሰሌዳ ጠቆመ።

«እንግሊዝኛ አላነብም በይው።»

ሰምቶ ሳቀና መለሰላት። እሷ ግን ሳትተረጉምልኝ ዘንቢሉን አንስታ መንገድ ጀመረች። ቤት እስክንደርስ ስጨቀጭቃት ነገረችኝ፤

«‹ፈረሱም አያነብም፤ ባለቤቱ ግን የአገሩ ሰው ነው› ነው ያለው።»