ወንዙ ሲጮህ የዘመርነው

ቅዳሜ ልጄን ይዤ ጊቤ ዳር ድንኳን ስንተክል የረጠበ ሸራ ሽታ አፍንጫዬን መታው።

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር። ስለዚህ የመዝሙር መሪያችን ጋሼ ሎዴቦ እኛን ታዳጊዎቹን መንጠቆና ድንኳን ያሸክሙንና "ዓሣ ልናጠምድ ነው" እያሉ እዚህ ያመጡን ነበር። ውሃው ከድንጋዩ ጋር ሲጋጭ እንደ መቶ አንበሳ ስለሚያገሳ፣ አጠገቡ ቆመን ብንዘምር የሚሰማን የለም። ዓሦቹ ግን መዝሙሩን ሸምድደውት ነበር፤ አንዳንዶቹማ ከእኔ የተሻለ ድምፅ ነበራቸው።

አንድ ቀን፣ ሰው ሲመጣ እንዲያፏጭ ጉብታው ላይ የቆመው የልብ ጓደኛዬ ታደሰ ነበር። ፉጨት አልሰማንም። ቀና ስንል ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎችን እየመራ ይወርዳል። በጣቱ ጋሼን አሳያቸው።

ጋሼ እጃቸው እየታሰረ ወደ እኔ ዞሩ። "ታደሰን እንዳትመቱት። ደግሞ ብቻውን ወደ ቤት እንዳይሄድ፣ አደራ" አሉኝ።

ከታደሰ ጋር ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ጋሼን ከዚያ ወዲያ ያየ የለም።

ቅዳሜ ድንኳኑን ከእኔ ጋር የወጠረው ያው ታደሰ ነው። "እዚህ ጋሼ ሎዴቦ የሚባሉ ደግ ሰው ያመጡን ነበር" አላት ልጄን።

"አሁን የት ናቸው?"

ታደሰ ገመዱን ማጥበቁን ሳያቋርጥ "አባትሽን ጠይቂው" አላት።